የኅዳር ሙሽሮችና የ10 ሰዓት ፀሐይ

ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለ ግቢ አንድ ፎቶ አንሺ የዕቃ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሁለት ካሜራ አንግቷል። ረዳቱ ሪፍሌክተሩን ጥላ አድርጎ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። አዳራሽ የለም፣ ባለ መጋረጃ መድረክ የለም። ግራር ሥር የተደረደሩ የእንጨት አግዳሚዎች፣ የገለባ ክምርና አበባ የታሰረበት አሮጌ ጋሪ አሉ። ሙሽሮቹ እንዲህ ያለ የገጠር መልክ ያለው ሰርግ ፈልገው ነው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የተወጣው። ሁሉም ተሰናድቷል፤ የጎደሉት ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው።

ሙሽሪት የዚህ ጸሐፊ የእህት ልጅ ናት። ፎቶው በ9 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር በቃል ተነጋግረን ነበር። ይሁንና ጠዋት በ3 ሰዓት ያልቃል የተባለው የጸጉር ቤት ጉዳይ 6 ሰዓት አለፈው፤ የሙሽሪት እህቶች በር ላይ «አናስገባም» ብለው ሲጨፍሩ ጊዜ ሄደ፤ ምሳው ደግሞ አለ። አጀቡ ጥሩምባውን እየነፋ ግቢው የደረሰው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እልልታው ቀለጠ። ፎቶ አንሺው ግን ዓይኑ የነበረው ከበስተምዕራብ ባለው ገደል ላይ ነበር። ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ገብታለች፤ ሐይቁም ጠቁሯል።

መቼም የሰርግ ፎቶ ገበያ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው የአልበሙን መጠንና የገጹን ብዛት ነው። ከከተማ ወጥቶ ለሚደግስ ቤተሰብ ግን ዋናው ሸቀጥ ብርሃን ነው። ለግቢው ኪራይ፣ ለአውቶቡሱና ለነዳጁ የሚከፈለው ሜዳውና ሐይቁ ፎቶው ውስጥ እንዲገቡ ነው። ጨለማ ውስጥ በፍላሽ ለሚነሳ ፎቶማ የአዳራሽ ጓሮ ይበቃ ነበር።

ስምንት እሁድ ብቻ

የዚህ ወቅት ገበያ ለምን እንደሚጣበብ ለማወቅ የዘመን መቁጠሪያውን ገለጥ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ጸደይ እያለ የሚጠራው፣ በባሕረ ሐሳቡ ግን መፀው የሚባለው የአበባ ወቅት የሚገባው መስከረም 26 ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ ሰርግ ሲጀመር፣ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባና የኦርቶዶክሱ ድግስ ይዘጋል። ከመስከረም 18 እስከ ኅዳር 14 ያሉት ቀናት ቢደመሩ 57 ናቸው፤ ስምንት ሳምንት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። ከዚህም ውስጥ ጽጌ ጾም አለ። ይህ የፈቃድ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቅ ሲሆን፣ የሚጾሙ ቤተሰቦች ድግሳቸውን ከቁስቋም ወዲህ ያደርጉታል። ስለዚህ ከኅዳር 6 እስከ 14 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት እሁድ ቢገኝ ነው፤ ያንን እሁድ ደግሞ ሁሉም ይፈልገዋል።

ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሰርግ በሽ በሽ ነው። ሣሩ ግን በዚያን ጊዜ ደርቋል፤ አቧራውም ቬሎ አያስለብስም። አረንጓዴ ሜዳ የፈለገ ወደ ጥቅምትና ኅዳር ይሮጣል። በዚህ ጾም የማይታሰሩ ቤተሰቦች በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢደግሱ ከባለሙያው ጋር ለመደራደር የተሻለ ዕድል እንዳላቸው ይህ ጸሐፊ ያምናል። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር የመጣ ደንበኛ ይከበራል።

ጥበቱ የሚወልደው በሽታም አለ። ስመ ጥሩ ፎቶ አንሺ ለአንድ እሁድ ሁለትና ሦስት ቀብድ ይቀበላል፤ በዕለቱ ደግሞ ተማሪውን ይልካል። እርስዎ አይተው የወደዱት የዋናውን ሰው አልበም ነው፤ ሜዳው ላይ ቆሞ የሚያገኙት ግን ካሜራ ከያዘ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ይሆናል። ባለሙያዎቹም የራሳቸው ምሬት አላቸው። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ባትሪው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። አንድ ሌንስ ወድቆ ቢሰበር የብዙ ሰርግ ገቢ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ መያዝን ግን ይህ ምክንያት ትክክል አያደርገውም።

ፀሐይዋ እንዴት ትወርዳለች?

ወደ ባቦጋያ እንመለስ። በኅዳር አጋማሽ ቢሾፍቱ ላይ ፀሐይዋ በቀትር ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ትታያለች። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የዓይኑ ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ቬሎው ደግሞ እንደ ኖራ ይነጣል። 10 ሰዓት ላይ ወደ 27 ዲግሪ፣ 11 ሰዓት ላይ ወደ 14 ዲግሪ ትወርድና 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ፎቶ አንሺ የሚቋምጥላት ከ10 እስከ 12 ያለችውን ነው። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ፊት ይሞላል፣ ሣሩንና ገለባውን ወርቅ ያስመስለዋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ለሥራ የሚበቃ ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በውጭ አገር ፎቶ ላይ የሚታየው ረጅም ምሽት እዚህ የለም።

ባቦጋያ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ የቆመ ሰው ከጀርባው ያለው ገደል ፀሐይዋን ከአድማሱ ቀድሞ ይጋርድበታል። ገደሉ 14 ዲግሪ ከፍ ብሎ ከታየ ለዚያ ግቢ ፀሐይ የምትገባው 11 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። የእኛ ግቢ እንዲህ ያለ ነበር። ግቢውን ስንከራይ የሄድነው በ4 ሰዓት ጠዋት ነው፤ ያኔ በብርሃን ተጥለቅልቆ አየነውና ቀብድ ከፈልን። ቦታ ለማየት የሚሄድ ሰው ፎቶ በሚነሳበት ሰዓት ቢሄድ ይህን ስህተት አይደግመውም። ዛፎቹንም ልብ ይበል። ጥቅጥቅ ካለ ቅጠል ሥር፣ ሣር ላይ የቆመች ሙሽራ ቬሎዋና ጉንጯ አረንጓዴ ይመታዋል። ሰማያዊ ሸራ ሥር ከተቀመጡማ እንግዳው ሁሉ የታመመ ይመስላል።

ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ ጎን ለጎን ማንሳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ቬሎው ሥዕሉን ሲሞላው አጨልሞ ያነሳል፤ ጠይም ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ብዙዎቻችን ቤት ባለው የፊልም ዘመን አልበም ውስጥ ልብሱ ብቻ የሚታይ ሙሽራ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በዲጂታል ደግሞ በተቃራኒው ብርሃን በዝቶበት የነጣ ቬሎ ጥልፉ አይመለስም። ደህና ባለሙያ ለቬሎው ይለካና ፊቱን በሪፍሌክተር ይሞላል። በ36 ፎቶ ጥቅል የሠሩት አንጋፋዎች አስበው ነበር የሚጫኑት። የዛሬው ልጅ በሺህ የሚቆጠር አንስቶ ከመካከሉ ይለቅማል፤ በዚህ በኩል ትዕግሥት ያልቃል የሚሉትን አንጋፋዎች ይህ ጸሐፊ ይደግፋል።

ጤፉ የማን ነው?

ፎቶ አንሺያችን ተስፋ አልቆረጠም። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ሜዳ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችምና ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን በሁለት መኪና ጭኖ ወጣ። ከላይ የደረሰ የጤፍ ማሳ ተዘናፍሏል። አድአ በጤፉ የታወቀ አገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ብርሃኑም ጥሩ ነበር። ስድስት ሚዜ፣ ስድስት አጃቢና ባለ ረጅም ጭራ ቬሎ ማሳው መካከል ገቡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባለማሳው ዱላውን ይዘው ደረሱ።

እውነታቸውን ነው። የተረገጠ ጤፍ ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ ለማጭድ አይመችም፣ የደረሰው ፍሬም ይረግፋል። ለእኛ ጌጥ የመሰለን የሰውዬው የዓመት እህል ነው። የሙሽራው አጎት ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ በሽምግልና ተነጋግረው ካሳ ተከፈለ፤ ሰውዬውም መርቀው ሸኙን። ዕርቁ ሲያልቅ ግን 12 ሰዓት ሆኗል። አስቀድሞ ባለማሳውን አነጋግሮ፣ ዳር ላይ ቆሞ ከመነሳት ጋር ቢነጻጸር ይህ በጣም ውድ ፎቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሳጠር ይቻላል። የቀረው ሁሉ በፍላሽ ተነሳ፤ ከኋላ የሚታየው ጥቁር ነው። ቀሪው ክፍያ በሚጠየቅበት ቀን የእህቴ ባል ሐይቁ የሌለበት የሐይቅ ዳር ፎቶ ብሎ አልከፍልም አለ። ፎቶ አንሺው አልተከራከረም። ባዶ አግዳሚዎቹን ያነሳበትን ፎቶ አሳየን፤ ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት 15፡20 ብሎ መዝግቦታል። በእኛ 9 ሰዓት ከ20 መሆኑ ነው። ሙሉውን ተከፈለው።

ውላችን ቀን፣ የአልበም መጠንና የገንዘብ ልክ እንጂ ሰዓት አልነበረውም። ማን እንደሚያነሳ፣ ሙሽሮች ቢዘገዩ ምን እንደሚሆን፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንደሚጠለል አይልም። ቀብድን በተመለከተ ግን ሕጉ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሁለት ሰርግ ለሚደርቡ ሰዎች ይህን አንቀጽ ማሳየት አይከፋም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ፎቶ አንሺው በማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ላይ ለማስታወቂያ የሚለጥፈው ነገር ካለ በውሉ ውስጥ ቢጻፍ ሁለቱም ወገን ያርፋል።

አንድ ፎቶ ግን ተርፎልናል። ከማሳው ስንመለስ 12 ሰዓት ከ10 ይሆናል። እናቴ ብርዱን ፈርተው የዘበኛው ቤት ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ስለሆነ የመጨረሻው የሰማይ ብርሃን ፊታቸው ላይ ነው። ሙሽሪት ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ፎቶ አንሺው ፍላሹን አጥፍቶ አነሳ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

ዘንድሮ የሙሽሪት ታናሽ ተራ ነው፤ ቀኑም ከቁስቋም በኋላ ባለው እሁድ ተቆርጧል። ፎቶ አንሺው ያው ሰው ነው፣ ግቢው ግን ከሐይቁ ማዶ በስተምሥራቅ ያለው ሆኗል። ውሉ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ተብሎ ተጽፏል። የጸጉር ቤቷ ባለቤት በ11 ሰዓት ሌሊት እንድትከፍት ብትለመንም እስካሁን እሺ አላለችም።