ተጨማሪ መረጃ፦ የተፈቀደ በጀት እና የተመደበ ገንዘብ

በአሜሪካ ትልቅ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ለመገንባት ኮንግረሱ ሁለት ጊዜ መወሰን አለበት፤ መጀመሪያ የወጪውን ጣሪያ ይፈቅዳል፣ ቀጥሎ ገንዘቡን ይመድባል። ወጪው ጣሪያው ላይ ከደረሰ ካዝና ውስጥ ገንዘብ ቢኖርም ሥራው ይቆማል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኮሎራዶዋ አውሮራ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆስፒታሉን በ604 ሚሊዮን ዶላር ለማሠራት ከሥራ ተቋራጭ ጋር ውል ገባ፤ ዲዛይኑ ግን በዚያ ገንዘብ የሚያልቅ አልነበረም። ዲሴምበር 2014 እ.ኤ.አ. የውል ክርክር ሰሚው ቦርድ ለሥራ ተቋራጩ ፈረደለት፤ እሱም ሕንጻውን በጅምር ትቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። በ2015 ኮንግረሱ ጣሪያውን ወደ 1.675 ቢሊዮን ዶላር አሳደገ። በዚያው ዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጁ ግንባታዎችን መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዳይመራ በሕግ ተደነገገ፤ አውሮራንም የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ተረከቡት። ቢዘገይም ተገቢ እርምጃ ነበር። ሆስፒታሉ በ2018 በሩን ከፈተ። እስከዚያው በክራንች የሚሄደውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋውም የቀድሞ ወታደር ተራውን የሚጠብቀው ዴንቨር ባለው አሮጌ ሆስፒታል ነበር።