ከድሬዳዋ ጣቢያ እስከ ቻይና ብድር

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደዚያ ሲደርስ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ጣቢያው ከታች ሜዳው ላይ ተተከለ። ዙሪያውን የባቡር መጠገኛ፣ ገበያና የሠራተኞች ሰፈር ተቆረቆረ፤ የሐረር ቡናም በዚያው በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ጀመር። አዲስ አበባ ሐዲዱን ያየችው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ያንን አሮጌ ሐዲድ የተካው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በጭነት መኪና ቀናት የሚፈጀውን የጅቡቲ መንገድ ከአንድ ቀን በታች አውርዶታል። ለወደብ አልባ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር በመሆኑ በውጭ ምንዛሪ ይመለሳል። ምንዛሪው ደግሞ የሚመጣው ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ሲበዛ ነው፤ ከጅቡቲ ሙሉ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ ፉርጎ ዕዳ አይከፍልም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርሷል።