በኤርፉርት ያደርንበት ሆቴል

በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ለመምህር ኪስ የሚስማማ አነስተኛ ሆቴል አገኘን። ክፍሉ ጠባብ፣ አልጋው ንጹሕ፣ መታጠቢያው ግን የጋራ ነበረ። ቁርስ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ዕለቱ ዓርብ፣ ገበታውም ቋሊማና አይብ ስለ ነበረ፣ ባለመክፈላችን አተረፍን እንጂ አልተጎዳንም።

ወደዚያ የወሰደን የኢዮብ ሉዶልፍ ነገር ነው። ይህ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተወለደ፤ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ አማርኛ ተምሮም በ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስም ራሳቸው በ1652 ዓ.ም. እስከ ጎታ መጥተው ነበር፤ ጎታም ለኤርፉርት ቅርብ ናት።

በ1325 ዓ.ም. በድንጋይ በተሠራው፣ ግራና ቀኙ ቤት በሆነው ድልድይ ላይ ስንመላለስ ዋልን። ማታ ወደ ጠባቢቱ ክፍል ተመልሰን ጋደም ስንል፣ ሃያ ዓመት ሰዋስው ስናስተምር የኒያን አባት ስም አንድ ቀን እንኳ ለተማሪዎቻችን አለማንሣታችን ትዝ ብሎን እንቅልፍ ነሣን።