የዝንብ አምሳያና የወንዝ ጠባቂዎች

ዛሬ የምንናገረው በእንግሊዝ አገር የዓሣ አጥማጆች ማኅበሮች ለአካባቢያቸው ሕዝብ ስለሚያዘጋጁት የአንድ ቀን ትምህርትና ጨዋታ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የሥራ ፈቶች መዝናኛ ይመስላል። እኛም አስቀድሞ እንዲሁ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ ከጨዋታው በስተጀርባ የከተማ ማዘጋጃ ቤትን ሳይቀር በፍርድ አደባባይ ያቆመ ብርቱ ጉዳይ አለ።

በዚህ ቀን ማኅበሩ አባል ላልሆኑት ጎረቤቶቹ ሁሉ የወንዙን ዳር ይከፍታል፤ ዘንግና ክር ያውሳል፤ አዋቂዎቹም ጀማሪዎችን ያስተምራሉ። በዚያ አገር ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በወንዝ ውስጥ በዘንግ ለማጥመድ የመንግሥት ፈቃድ መያዝ ይገባዋል። ትምህርቱ የሚጀመረው ግን ከውኃ ርቆ፣ መንጠቆ በሌለበት ክር በደረቅ ሣር ላይ ነው።

ትል በመንጠቆ ሰክቶ ማጥመድን በወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህኛው ግን ሌላ ጥበብ ነው። በመንጠቆው ላይ የሚታሰረው ከላባ፣ ከእንስሳ ጠጕርና ከሐር ክር የተሠራ የዝንብ አምሳያ ነው። ክብደት ስለሌለው እንደ ጠጠር ቢወረውሩት ከእግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የሚወረወረው ዝንቡ ሳይሆን፣ ሆን ተብሎ ወፈርና ከበድ ተደርጎ የተሠራው ክር ነው። ዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲወዛወዝ ክሩ በአየር ላይ ይዘረጋና ዝንቡን ይዞት ይሄዳል። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ የቡሄው ጅራፍ እንዲጮኽ፣ ይህኛው ዝም እንዲል መፈለጉ ነው። ከጮኸ ብዙውን ጊዜ ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም በአንዲት ቅጽበት ነው፤ ክሩ በስተኋላው እስኪዘረጋ አይታገሥም።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ኤልያኖስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓ.ም. ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል።

በዚህ ዘዴ ከሚጠመዱት ዓሦች ዋነኛው ትራውት ይባላል። በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ስለ ገባ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ሌሎቹም ዓሦች ቢሆኑ የሚታገሡት የቆሻሻ ልክ አለ። እንግዲህ ዘንግ የያዘ ሰው የወንዝ ጠበቃ የሚሆነው ወድዶም ሳይወድም ነው።

የደርቢ ከተማ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ያደረገው ለዚህ ምስክር ነው። በከተማው አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ሰው ሠራሽ ሐር የሚያመርት ፋብሪካ ዝቃጩን ይለቅበት፣ የኤሌክትሪክ ባለሥልጣን የሞቀ ውኃ ያፈስበት፣ ማዘጋጃ ቤቱም በቅጡ ያልተጣራ የከተማውን እድፍ ያወርድበት ነበር። ዓሣውም የዓሣው ምግብም አለቀ። ማኅበሩ በወንዙ የማጥመድ መብት ነበረውና፣ ከአንድ ባለመሬት መስፍን ጋር ሆኖ ሦስቱንም ከሰሰ። ደጋፊው በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጆን ኢስትውድ የተባሉ የሕግ ሰው ያቋቋሙት የአጥማጆች የትብብር ማኅበር ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ መከላከያ ለቢሮ ሰው ሁሉ የታወቀ ዓይነት ነው፦ የማጣሪያው ሥራ በሕግ ተፈቅዶ የተሠራ ነው፤ ሲሠራም ለከተማው በቂ ነበር፤ የሕዝቡ ቁጥር ቢጨምር የኛ ጥፋት አይደለም። ነገሩ ያለ ምክንያት የተነገረ ነው አይባልም፤ ከተማ ሲያድግ ቧንቧ ወዲያው አያድግም። ዳኞቹ ግን አልተቀበሉትም። ሕጉ ማጣሪያ እንዲሠራ ፈቀደ እንጂ የሰው ወንዝ እንዲበከል አልፈቀደም ሲሉ ወሰኑ። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ፍርዱ በካሣ ብቻ አላበቃም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን ለማስተካከል የጊዜ ፋታ ቢሰጠውም፣ እንዳይበክሉ የእግድ ትእዛዝ ተላለፈባቸው።

ይሁንና ፍርድ ቤት የሚደርሰው ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው። በአሁኑ ጊዜ ማኅበሮቹ አስቀድመው ለማወቅ የሚሞክሩት በነፍሳት ነው፤ የዝንብ አምሳያ የሚሠራ ሰው እውነተኛውን ዝንብ አጥንቶ ማወቁ አይቀርምና። እነዚህ ነፍሳት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከድንጋይ ሥር በውኃ ውስጥ ያሳልፉና፣ ክንፍ ካወጡ በኋላ አንዳንዶቹ ከአንድ ቀን አይበልጡም። ከ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሠለጠኑ አጥማጆች በብሪታንያ ወንዞች የሚቆጥሯቸው በተወሰነ ደንብ ነው። አንዱ ወደ ወንዙ ይገባና መረቡን ከውኃው ቍልቍል አቁሞ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል የወንዙን ወለል በእግሩ ይበጠብጣል። የተያዘው በነጭ ትሪ ላይ ይፈስሳል። ከዚያም ስምንት ወገን የሆኑ ፍጥረታት ተለይተው ይቆጠራሉ። ድምሩ ለዚያ ቦታ ከተወሰነው ልክ ሲያንስ ጉዳዩ በዚያው ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይነገራል። ውኃው ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ ትሪው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከቀናት በፊት ያለፈ መርዝ በውኃው ላይ ባይታይ በነፍሳቱ መጥፋት ይታወቃልና።

በማኅበሩ ቀን ሕፃናት ከዘንጉ ይልቅ የሚከቡት ይህንኑ ትሪ ነው። ከአሸዋና ከጥቃቅን ጠጠር ቤቱን ሠርቶ ተሸክሞት የሚሄደውን ትል ሲያዩ መጮኻቸው አይቀርም። ቆጠራው ሲያልቅ ቁጥሩ በመዝገብ ይገባል፤ ትሪውም ወደ ወንዙ ይወሰድና ነፍሳቱ ከተገኙበት ቦታ በቀስታ ይፈስሳሉ።