ከዮሐንስ የሚበልጠው «ታናሽ» ማን ነው?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 11 ኢየሱስ፣ ከሴት ከተወለዱት መካከል መጥምቁ ዮሐንስን የሚበልጥ እንዳልተነሣ ይመሰክራል። ወዲያው ግን በመንግሥተ ሰማያት አንድ «ታናሽ» እንደሚበልጠው ይናገራል። ይህ ታናሽ ማን ነው?

የግሪክኛው ቃል «ሚክሮቴሮስ» ነው። «ሚክሮስ» ትንሽ ማለት ሲሆን «ቴሮስ» የሚለው ቅጥያ «ከሌላው ያነሰ» ያደርገዋል። አማርኛ ሲያወዳድር «ከ» ብሎ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል» በሚሉ ግሦች ይጠቀማል፤ ግሪክኛ ቅጽሉን ራሱን ይለውጣል። በእነ ፕላቶ ዘመን ሁለቱን ለማወዳደር «ቴሮስ»፣ ከሁሉ የላቀውን ለመለየት ደግሞ «ታቶስ» ነበረ። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት ኮይኔ በተባለው የሕዝብ ግሪክኛ ግን «ታቶስ» እየተረሳ፣ ሥራውን «ቴሮስ» ደርቦ ይዞት ነበር። የሰናፍጭ ቅንጣት ከዘር ሁሉ እንደምታንስ በተነገረበት ምሳሌ የገባው ይኸው ሚክሮቴሮስ ነው። ጳውሎስም ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ፍቅር እንደሚልቅ ሲጽፍ፣ የሚያወዳድረው ሦስት ነገር ሆኖ ሳለ የተጠቀመበት «ሜይዞን» የሁለት ማወዳደሪያ ነው። በሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት እንዲያውም ሜይዞን አልበቃ ብሎ «ቴሮስ» ተደርቦበታል፤ የሰዋስው መምህር ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሣበት ቃል ነው!

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የሰበከው ዮሐንስ አፈወርቅ ቃሉን በጥንቱ ወግ፣ የሁለት ማወዳደሪያ አድርጎ ወሰደው። በእሱ ትርጓሜ ታናሹ ኢየሱስ ራሱ ነው፤ በዕድሜም በብዙዎች ግምትም ከመጥምቁ ያነሰ። ዕድሜው ልክ ነው፤ በሉቃስ ትረካ ማርያም ስትበሠር ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ይህ ንባብ እንዲጸና ግን «በመንግሥተ ሰማያት» የሚለው ሐረግ ከ«ታናሽ» ተነጥሎ ከ«ይበልጣል» ጋር መሄድ አለበት። በጥንቶቹ የእጅ ጽሑፎች ዛሬ የምናውቀው ሥርዓተ ነጥብ ስለሌለ ሰዋስው ብቻውን አይከለክለውም።

እኔን ግን አያሳምነኝም። ማቴዎስ በምዕራፍ 18 ቁጥር 4 ራሱን እንደ ሕፃን ዝቅ ስለሚያደርግ ሰው ሲጽፍ «በመንግሥተ ሰማያት ታላቅ» የሚለውን በዚሁ አሠራር ያዋቅረዋል፤ መስተአምር፣ የማወዳደሪያ ቅጽል፣ ቀጥሎም «በመንግሥተ ሰማያት»። እዚያ ትርጉሙ «ከሁሉ የሚበልጠው» ነው። በምዕራፍ 11ም «ከሁሉ የሚያንሰው» ማለቱ ይመስለኛል፤ ታናሹም ከመንግሥቱ ሰዎች የመጨረሻው ነው።