ሰጥተናል፤ ጠቅመናልን?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባው ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በየዓመቱ ረመዷን ሲገባ ዘካችንንና ሰደቃችንን እናወጣለን። ለአንዲት እናት ዱቄት፣ ለሌላዋ ጥሬ ገንዘብ፣ ለወጣቱ የመነገጃ ብር እንሰጣለን። ዓመቱ ሲዞር ግን ብዙ ጊዜ ያችው እናት እነዚያኑ ልጆቿን ይዛ በዚያው በር ላይ ትቆማለች። መዝገባችን «ተሰጠ» ይላል። «ኑሮዋ ተሻሻለ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ግን መልስ የለውም።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ዘካ ከኢስላም ማዕዘናት አንዱ ነው። የሚገባቸው ስምንቱ ወገኖችም በሱረቱ አት-ተውባ (9፡60) ተዘርዝረዋል። የተራበ ሰው ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ለአላህ ብሎ የሰጠ ሰው አጅሩ ከአላህ ዘንድ ነው። ነገር ግን የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የሚያከፋፍል ኮሚቴ፣ ማኅበር ወይም መንግሥት አማና ተሸክሟል። አማና የተሸከመ ሰው «ሰጠሁ» ብሎ አያበቃም፤ መጥቀሙንም ያጣራል።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ዑለማኦች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩበትም፣ አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። በቤቱ የነበሩትን ምንጣፍና የውኃ መጠጫ አስመጥተው በ2 ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉ። እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥና ከ15 ቀን በኋላ እንዲመለስም ቀጠሩት። ሲመለስ 10 ዲርሃም አግኝቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ምግቡም መሣሪያውም ተሰጠው፤ ቀጠሮም ተያዘለት።

በምን እናውቃለን?

ለ100 እናቶች ፍየል ሰጠን እንበል። በዓመቱ ብንጠይቃቸው ኑሯቸው ተሻሽሏል። ፍየሏ ናት ያሻሻለችው? ምናልባት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር የመንደሩ ሰው ሁሉ ተሻሽሎ ይሆናል። ምናልባትም ቀድመው የተመዘገቡት ከሌሎቹ ይልቅ ጉልበትና ዘመድ ያላቸው ይሆናሉ። ስለዚህ ፍየል ያላገኙ፣ በሌላው ሁሉ ግን እነሱን የሚመስሉ ሰዎች ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋሉ።

እነዚህ እንዴት ይገኛሉ? በዕጣ ነው። ብዛት ካላቸው ችግረኞች መካከል ዕጣ ሲወጣ ብርቱውም ደካማውም፣ ዘመድ ያለውም የሌለውም በሁለቱም ወገን ተመጣጥኖ ይደለደላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከእርዳታው የመጣ ነው። ሐኪሞች አዲስ መድኃኒትን የሚፈትኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ዘዴ በድህነት ጉዳይ ላይ በሰፊው የሠሩበት አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባነርጂና ዱፍሎ ከባልደረባቸው ጋር በ2003 በአሜሪካ የመሠረቱት የጥናት ማዕከል ከ2005 ጀምሮ የሚጠራው በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ስም ነው። ስሙም በሳዑዲው አብዱል ለጢፍ ጀሚል ነው። ገንዘቡን የለገሱት ልጃቸው ሲሆኑ ለአባታቸው መታሰቢያ አድርገውታል።

የምስሩ ነገር

በሕንድ ራጀስታን ውስጥ ኡደይፑር በሚባል አካባቢ ክትባታቸውን የሚጨርሱ ሕፃናት በጣም ጥቂት ነበሩ። አንዳንዱ «ወላጆቹ ስላልተማሩ ነው» አለ፤ ሌላው «ክትባት ሰጪው ስለሚቀር ነው» አለ። ተመራማሪዎች 134 መንደሮችን ወስደው በዕጣ ደለደሉ። በአንደኛው ወገን ክትባት በየወሩ ሳይቋረጥ በመንደሩ ይሰጥ ጀመር። በሁለተኛው ወገን ከዚሁ በተጨማሪ ልጇን ላስከተበች እናት በየጊዜው 1 ኪሎ ምስር፣ ክትባቱ ሲያልቅም የብረት ሳህኖች ተሰጣት። የቀሩት መንደሮች እንደነበሩ ቀጠሉ።

በ2010 የታተመው ውጤት ይህ ነው። እንደነበሩ በቀጠሉት መንደሮች ክትባታቸውን የጨረሱት ሕፃናት ከመቶ 6፣ ክትባቱ ሳይቋረጥ በተሰጠባቸው 18፣ ምስር በተጨመረባቸው 39 ነበሩ። ወጪውስ? ክትባቱን ለጨረሰ አንድ ልጅ ያለ ምስር 56 ዶላር፣ ከምስር ጋር 28 ዶላር ሆነ። ነርሷ ብዙ ሰው ቢመጣም ጥቂት ደመወዟ ያው ስለሆነ፣ የመጣው ሲበዛ ወጪው ለብዙ ልጆች ተካፈለ። ምስር መጨመር ብክነት መስሎት የነበረ ሰው ያለ ማስረጃ ቢወስን ኖሮ የሚጎዱት ሕፃናት ነበሩ።

በሀገራችን የተሞከረው

በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት በስድስት ሀገሮች ከ10 ሺህ በላይ እጅግ ድሃ ቤተሰቦች ተካተዋል። ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ቦታውም ትግራይ ነበር። በዕጣ ለተመረጡት እንስሳ ወይም ሌላ የሥራ መነሻ፣ ሥልጠና፣ ለጊዜው የሚሆን የምግብ ድጋፍ፣ ቁጠባና ቤት ድረስ የሚመጣ አማካሪ በአንድነት ተሰጧቸው። እርዳታው ለሁለት ዓመት ያህል ቆየ። እርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በጥቅሉ ሲታይ የተሻለ ይበሉ ነበር፤ ንብረታቸውም ጨምሮ ነበር። የመጥረቢያውን ሐዲስ አስታውሱ፤ ምግቡና መሣሪያው አብረው ነበሩ።

ሁሉም ግን አልተሳካም። በሆንዱራስ ብዙ ቤተሰቦች የተሰጧቸው ዶሮዎች በበሽታ አለቁባቸው፤ ጥቅሙም አብሮ ጠፋ። በኬንያም ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ሲታደሉ ውጤታቸው የተሻሻለው ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆነው ተገኙ። ለብዙዎቹ ልጆች መጽሐፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ከባድ ነበር። በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ሀገር የሠራ ነገርም ሌላ ቦታ ሳይታይ አይቀዳም።

ዕጣ መጣል ፍትሕ ነውን?

«ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ችግረኛ መከልከል ግፍ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ካለ፣ ወይም ጉዳዩ ነፍስ ማዳን ከሆነ ዕጣ ቦታ የለውም። ችግረኛው 200፣ ገንዘቡ ግን ለ100 ብቻ ከሆነስ? ያን ጊዜ መቶው መቅረቱ አይቀርም። የሚቀሩት በዝምድና ወይም በመግደርደር ከሚሆን በዕጣ ቢሆን ይሻላል።

ሱረቱ አል-ማኢዳ (5፡90) የከለከለው በአዝላም ዕድል መጠንቆልንና ቁማርን ነው። መብታቸው እኩል በሆኑ ሰዎች መካከል የሚጣል ዕጣ ግን ሌላ ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ይጥሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙኃኑ ዑለማኦችም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ዕጣን ፈቅደዋል።

ምን እናድርግ?

አንድ የመስጂድ ኮሚቴ ትልቅ ጥናት ማካሄድ አይጠበቅበትም፤ ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ዕጣውም እርግጠኛ መልስ አይሰጥም። ሦስት ነገር ግን ማድረግ ይችላል። ሰው ከመርዳቱ በፊት ኑሮውን ይመዝግብ። እንደ መጥረቢያው ባለቤት ቀጠሮ ይያዝለት፤ በስድስት ወርና በዓመቱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ። ያልሠራውንም ሳይደብቅ ለጀመዓው ይናገር። ትልልቆቹ የእርዳታ ድርጅቶች ደግሞ ገንዘባችንን ሲጠይቁን «ስንት ሰው ረዳችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ባትረዷቸው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? በምን አወቃችሁ?» እንበላቸው።

ሱረቱ አል-ኢስራእ (17፡36) ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ያስተምረናል፤ መስሚያ፣ ማያና ልብም ተጠያቂ መሆናቸውን ይነግረናል። የድሃው ገንዘብ በእጃችን ሲያልፍም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል።

አላህ ሰደቃችንን ይቀበለን፤ የምንሰጠውንም የሚጠቅም ያድርገው። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።