የኦርታኮይ መስጂድ፦ ከፊቱ ባሕር፣ ከሥሩ ርዕደ መሬት

የኢስታንቡልን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በቦስፎረስ ዳርቻ፣ ከታላቁ ድልድይ አጠገብ፣ ውሃው ላይ የቆመ የሚመስለው መስጂድ ነው። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱልጣን ዐብዱልመጂድ ትእዛዝ ተሠራ። ንድፉን ያወጡት አርመናውያኑ ባልያኖች ናቸው።

ውበት የሰጠው ቦታ ፈተናውም ነው። የባሕር ዳርቻ ልል አፈር ንዝረትን ያጎላል፤ ከላይ ደግሞ ከባዱ ጉልላት ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። የ1894ቱ ርዕደ መሬት ክፉኛ ጎድቶታል። በ1960ዎቹ ሊደረመስ ተቃርቦ ስለነበር የቆመበት መሬት ተጠናከረ፤ የተሰነጠቀው የጡብ ጉልላትም በኮንክሪት ተተካ። (ዛሬ ብዙ የቅርስ ባለሙያዎች ይህን አይመርጡም፤ ኮንክሪት ግትር ነው፣ ከአሮጌ ግንብ ጋር እኩል አይወዛወዝም።)

ስጋቱ አላለፈም። የሰሜን አናቶሊያ ስምጥ መስመር ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በማርማራ ባሕር ሥር ያልፋል። በኤፕሪል 2025 መጠኑ 6.2 የደረሰ መንቀጥቀጥ ከተማዋን ነቅንቋታል።

ባሕሩ ግን ሥራውን በዝግታ ይሠራል። ጨዋማ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨውም ሲጠጥር ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። የባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር እርጥበቱም አብሮ ይወጣል። ከፊቱ ግንብ ይቁም ቢባል ማዕበሉን እንጂ ከሥር የሚሰርገውን ውሃ አይመልስም። ለእኔ የሚታየኝ መሠረቱን ማጠንከርና ጨው የበላውን ድንጋይ በየጊዜው መለወጥ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይጠይቅም፤ መስጂዱ ሙዚየም ስላልሆነ፣ ለጥገና በተዘጋ ቁጥር ጀመዓው ሌላ መስገጃ ይፈልጋል።